የፍሬን ማቀዝቀዣ ቱቦ ከገጠምኩ 8 ወር ሞላኝ፦ ነፋስ ገዝቼ ጭቃ ደረሰኝ

ባለፈው ሳምንት ከሰርቦ ወደ ጅማ ስመለስ ከፊት ቀኝ ጎማ የወፍጮ ድምፅ ሰማሁ። ፍሬን ስይዝ ይብስበታል። ጋራዥ ገብቶ ጎማው ሲፈታ የፍሬን ሸራውና አብሮ የሚሽከረከረው ብረት፣ ማለትም ዲስኩ፣ መሃል ጠጠር ተቀርቅሯል፣ ዲስኩ በሚስማር የተጫረ መስሏል። መካኒኬ ቱቦውን አውልቆ ሲያራግፈው አንድ ጣሳ ቀይ ጭቃ ወጣው። «ወንድሜ፣ ይሄ የነፋስ ነው የመስኖ?» አለኝ። ምን ልበለው።

መኪናዬ የ2001 ሞዴል ቶዮታ ሴሊካ ናት፣ ዝቅ ያለች የስፖርት መኪና። አዎ፣ ጅማ ውስጥ ሴሊካ! ሳቁ፣ ለምጄዋለሁ። አዲስ አበባ ደርሼ ስመለስ ከወልቂጤ ወዲህ ወደ ግቤ በረሃ ያለውን ቁልቁለት ስወርድ ፍሬኑ ይግልና ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሰምጥ ነበር። ይህን ለአንድ ዕቃ ሻጭ ባወራ «የሬስ መኪኖች የሚገጥሙት አለ፣ ከእንግዲህ ፍሬን ጋለ የሚባል ነገር እርሳው» ብሎ ሸጠልኝ።

አሠራሩ ላይ ጠብ የለኝም። ፓራውልቱ ላይ በጭጋግ መብራቱ ቦታ አፍ ይወጣለታል፣ ከዚያ 75 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ነፋሱን ወደ ዲስኩ መሃል ይወስዳል። የፊት ዲስክ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ሲሽከረከር ነፋሱን ከመሃል ስቦ በጠርዙ ይተፋዋል፣ ሙቀቱም አብሮ ይወጣል። ጥር ላይ በማለዳ፣ መንገዱ ባዶ ሆኖ ስወርድ ፔዳሉ እስከ ግቤ ድልድይ ድረስ ድንጋይ ነበር። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ግን በዚያው ሰሞን መካኒኩ እርጥበት የጠጣውን አሮጌ የፍሬን ዘይት ደፍቶ አዲስ ዶት 4 ሞልቶልኛል፤ እሱ ደግሞ አዲስ ሲሆን 230 ዲግሪ ሳይደርስ አይፈላም፣ ፔዳሉን እንደ ስፖንጅ የሚያሰምጠው ደግሞ የዘይቱ መፍላት ነው። ታዲያ ምስጋናው ለማን ነው? በሚቀጥለው ጉዞ የተጫነ ሲኖትራክ ኋላ ተለጥፌ በ20 ኪሎ ሜትር ስወርድ ደግሞ ገባኝ፤ ነፋስ የሚገባው መኪናው ሲሮጥ ነው። ያን ቀን ያወረደኝ ሁለተኛ ማርሽ እንጂ ቱቦው አይደለም።

ይሁን፣ ይህንንም እችለው ነበር። ጭቃውን ነው ያልቻልኩት። ሻጩ አሁን ፊቴ ቢቆም «አስፋልት ላይ ብቻ ንዳት» እንደሚለኝ አውቃለሁ። እሺ፣ ቤቴ ድረስ ያለውን አስፋልት አንተ አንጥፍልኝ! ሬስ ነጂዎቹ ራሳቸው ሲዘንብና ሲበርድ የቱቦውን አፍ በፕላስተር እንደሚዘጉት ያወቅኩት ዲስኬ ከተበላ በኋላ ነው። ብር ስቆጥርልህ ይህን ለምን አልነገርከኝም?

አስነቅለው ይሆናል ብላችሁ ነበር። አላስነቀልኩም፤ ፓራውልቱን ቀድጄበታለሁ፣ ደግሞ እውነቱን ለመናገር መልኳን አሳምሮታል። ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ሁለት ክብ ቆርጬ አፎቹን ወትፌያቸዋለሁ። መስከረም ሲጠባ እከፍታቸዋለሁ እላለሁ፣ ሚስቴ ግን «ጅማ መስከረም ላይ መዝነብ የተወው መቼ ነው?» ትለኛለች።