«ዶሮ የለመደች ድመት» እየተባለ ከጫጩት ጋር የሚሸጠውን እንዳትገዙ

ባሕር ዳርና አካባቢዋ ዶሮ የምታረቡ ወገኖቼ፣ እኔ የደረሰብኝ እናንተም ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው የምጽፈው። በቴሌግራም የሚዞር አንድ ሽያጭ አለ፦ የ45 ቀን ቦቫንስ (የእንቁላል ዶሮ ዝርያ) ጫጩት 20፣ አብራ ደግሞ አይጥ እየያዘች ዶሮ የማትነካ «የለመደች» ድመት። ጫጩቱ አንዱ 300 ብር፣ ድመቷ 1,000 ብር። ድምሩ 7,000 ብር ነው፤ ግማሹን ቀድማችሁ ትልካላችሁ።

እኔ የምኖረው ዘንዘልማ ነው። መኖ የማስቀምጥበትን ክፍል አይጥ ፈጅቶት ነበር፤ ከረጢት ሲቀዱ ነው የሚያድሩት። መርዝ እንዳልረጭ ግቢው ውስጥ ሕፃን አለ፤ ደግሞም የጎረቤቴ ድመት መርዝ የበላ አይጥ በልታ ስትሞት አይቻለሁ። ስለዚህ ማስታወቂያውን ሳይ እግዜር የላከልኝ መሰለኝ። ግማሹን ገንዘብ በባንክ ላክሁ።

ሻጩን ግቢህ ድረስ መጥቼ ልያቸው ብለው ሰውዬው እሺ አላለኝም። «ምን አደከመሽ፣ እኔው አመጣልሻለሁ» አለ። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ በባጃጅ መጣ፤ ጫጩቶቹ በተበሳሳ ካርቶን፣ ድመቷ በማዳበሪያ ተቋጥራ። በስልክ መብራት ካርቶኑን ገለጥ አድርጌ አየሁና ቀሪውን ብር ሰጠሁት።

ማዳበሪያውን ስፈታ ድመቷ አልሮጠችም። ሆዷን መሬት ላይ ለጥፋ ዓይኗን ከጫጩቶቹ ሳትነቅል ቀረች፤ የጭራዋ ጫፍ ብቻ ይወራጫል። እኔ ጨዋ ናት ብዬ ደስ አለኝ። ለካ አደን ላይ ነበረች። ዶሮ በእውነት የለመደች ድመት ዶሮ አጠገብ ስታልፍ ዞር ብላም አታይም።

ጠዋት የዶሮ ቤቱን ስከፍት ስድስቱ የሉም። በሩ እንደተዘጋ ነው። ማዕዘኑ ላይ ሽቦው ቀይ ላባና ደም ይዟል፤ አንዷ እግሯ ብቻ በቀዳዳው በኩል ወጥቶ ቀርቷል። ጫጩቶቹ ብርድ ሲመታቸው እላይ በላይ ተደራርበው ሽቦው ሥር ተኝተዋል፣ ድመቷም መዳፏን እያስገባች ስባ አወጣቻቸው። ጎረቤቴ እማማ «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ሲባል አልሰማሽም ልጄ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ግን እኔ ድመቷ ላይ አልፈርድም።

ዋናው ማጭበርበር ዕድሜው ላይ ነው። የቀሩትን ይዤ የእንስሳት ክሊኒክ ስሄድ ሐኪሙ አንዷን ብድግ አድርጎ ገና ሳይመዝናት «እነዚህ ሦስት ሳምንት ቢሆናቸው ነው» አለኝ። ራሳቸውና አንገታቸው ላይ ያለው ገና ላባ አልነበረም፣ የጫጩት ጠጉር ነው። ሚዛን ላይ 200 ግራም አልሞሉም። በደንብ የተያዘች ቦቫንስ በ45 ቀኗ ላባዋን ጨርሳ ለብሳ ግማሽ ኪሎ ትጠጋለች። ለዚያ ነው ሌሊቱን ያለ ሙቀት ያልቻሉት፣ ለዚያ ነው ለድመቷ እንደ አይጥ የታዩአት። ያደገች ዶሮን ድመት እምብዛም አይደፍርም፤ አንዴ አፍንጫዋን ከተነቆረች ትርቃለች። ጫጩት ግን ለየትኛዋም ድመት ምግብ ነው፤ ጠግባ ብታድርም ታድናለች። ሰውዬው የሦስት ሳምንቱን በ45 ቀን ዋጋ ሸጦልኝ፣ ከሚበላቸው ጋር አንድ ግቢ አስገባልኝ።

ሌሎች ሦስት በብርዱ ምክንያት ሞቱ። ከተረፉት 11 ደግሞ አምስቱ ነጭ ናቸው። ቦቫንስ ብራውን ሴቷ ቀይ፣ ወንዱ ነጭ ነው፤ እንቁላል ጣይ ብዬ ከገዛሁት ውስጥ አምስቱ አውራ ዶሮ ናቸው ማለት ነው። ይህን በቀን ብርሃን ማንም ያየዋል፤ በምሽት የመጣው ለዚህ ነበር። የላከልኝ የክትባት ካርድ ፎቶም ቀን የለውም። ዶሮ የሚፈጁት በሽታዎች፣ የፈንግልም የጉምቦሮም ክትባት መቼ እንደተሰጠ የማይናገር ካርድ ወረቀት ብቻ ነው፤ ሐኪሙ እንደ አዲስ አስጀመረኝ።

ጫጩት ስትገዙ እርቢው ቦታ ድረስ ሂዱ፣ በቀን ሂዱ፣ አንድ ሁለቱን አስመዝኑ። ለድመት ደግሞ ብር አታውጡ፤ ዶሮ ካለው ጎረቤት ግልገል ለምኑ። ሁለት ወር ከእናቷ ጋር ቆይታ ካደጉ ዶሮዎች መሐል የገባች ግልገል ዶሮ እየነቆራት ነው የምትለምደው። ሦስት ወር ሲሞላት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቧት። ያም ሆኖ ጫጩት ያለበት ቤት የሽቦው ታች እስከ ጉልበት ድረስ በጣውላ ወይም በቆርቆሮ ይዘጋ፤ መዳፍ የማያስገባ ሲሆን ነው የሚታመነው።

ድመቷን አልጣልኳትም። መኖ ክፍሉ ውስጥ ነው የምታድረው፣ በሩን እዘጋባታለሁ፣ አይጡን እየጨረሰችልኝ ነው። መኖውንም ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ ገለበጥኩት።

የሰውዬው ስልክ ከዚያ ወዲህ አይነሳም። ማስታወቂያው ግን ባለፈው ሳምንት በሌላ ስም ተመልሶ ወጥቷል፣ ፎቶው ያው ነው፦ ግራጫ ድመት አረንጓዴ ሳፋ አጠገብ ተኝታ፣ ሦስት ቀይ ዶሮዎች ከሳፋው ውኃ ሲጠጡ። ዶሮዎቹ ያደጉ መሆናቸውን ልብ በሉ። ይህ ፎቶ የደረሳችሁ ካላችሁ ቅድሚያ ክፍያ እንዳትልኩ፤ የላካችሁም ካላችሁ ጻፉልኝ፣ አብረን ፖሊስ ጋ እንሂድ።