ጥቁርና ነጭ ፎቶ ሞቅ ባለ ቃና ለሚያትሙልን ባለሙያ ምስጋና፣ ለፈላጊዎችም ጥቆማ

በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ለሚያትሙት ባለሙያ ያለኝን ምስጋና በአደባባይ ለመግለጽ ይህን ጽፌአለሁ። ስማቸው እንዲጠቀስ ስላልፈለጉ እኛ ደንበኞቻቸው እንደምንጠራቸው ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ያሠራሁት የአያቴን ምስል ነው። ፎቶው በ1950ዎቹ ፒያሳ ከነበሩት የአርመን ፎቶ ቤቶች በአንዱ የተነሣ ሲሆን፣ ጥቁሩ ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ ነጩም ለስለስ ያለ ነው፤ ሞቅ ያለ ቃና የምንለው ይህን ነው። እርጥበት ጠርዙን ስለጎዳው ለቤተሰቡ በሙሉ የሚዳረስ አዲስ ኅትመት አስፈለገን።

ቀደም ሲል ሌላ ቦታ ያሳተምኩት ቅጂ በፕሪንተሩ የሴፒያ ምርጫ (ፎቶን ቡናማ በሚያስመስለው) የወጣ ነበር። የአያቴ ፊት ደህና ቢመስልም ነጠላቸው ወደ ሮዝ አድልቷል፤ በቀን ብርሃን አንድ ዓይነት፣ ማታ በመብራት ደግሞ ሌላ ዓይነት ሆኖ ይታያል። ጋሼ ይህን ቅጂ ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉትና በማጉያ መነጽር ነጠላውን እንድመለከት አደረጉኝ። በዓይን ሲታይ ልሙጥ የመሰለኝ ቦታ ላይ የቢጫና የማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ደማቅ ሮዝ) ነጠብጣቦች ተበታትነዋል። ቀጥለው የራሳቸውን ሥራ ከመነጽሩ ሥር አስገቡ። በእሱ ላይ ከጠቆረና ከሳሳ ግራጫ ነጠብጣብ በስተቀር ምንም አልነበረም፤ ሆኖም መነጽሩ ሲነሣ ይበልጥ ሞቅ ብሎ የሚታየው እሱ ነው።

ምክንያቱን ሲያስረዱኝ ከካርቦን ባሕርይ ጀመሩ። የሚጠቀሙበት የፒግመንት ቀለም (የደቀቀ ዱቄት በፈሳሽ ውስጥ የተበተነበት) ጥቁሩን የሚያገኘው ከካርቦን፣ ማለትም በረቀቀ መንገድ ከተዘጋጀ ጥቀርሻ ነው፤ የብራና መጻሕፍቶቻችን ጥቁር ቀለም የሚዘጋጀውም በአብዛኛው ከዚሁ ከጥቀርሻ ነው። የካርቦን ቅንጣት በጣም ሲደቅና ቀለሙ ሲሳሳ በራሱ ወደ ቡናማ ስለሚያደላ፣ ሞቅ ያለ ቃና ለማግኘት ሌላ ቀለም መጨመር የግድ አይደለም። እንዲያውም ካርቦንን ወደ ግራጫ ለማቀዝቀዝ ነው ሰማያዊ ነገር የሚጨመርበት። በሴፒያው መንገድ ግን ሙቀቱ የሚመጣው ከቢጫና ከማጀንታ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ለብርሃን ሲጋለጡ ከካርቦኑ ቀድመው ስለሚደበዝዙ የፎቶው ቃና ከዓመታት በኋላ ወደማይፈለግ አቅጣጫ ይሄዳል። ስለዚህ ጋሼ በኤፕሰን ማተሚያ ማሽናቸው ላይ የቀለማቱን ቦታ ሁሉ ከአንድ ጥቁር በተቀጠኑ ግራጫዎች ሞልተው፣ የእያንዳንዱን መጠን ኳድቶን ሪፕ በሚባል ፕሮግራም ይቆጣጠራሉ።

ከቀለሙ ባልተናነሰ የሚጨነቁት ለወረቀቱ ነው፤ እኔን በግሌ በጣም ያስገረመኝም ይህ ክፍል ነው። ሁለት ነጭ ወረቀቶች አስቀምጠው ክፍሉን አጨለሙና ሱቆች ሐሰተኛ ብር ለመለየት የሚጠቀሙባትን ትንሽ መብራት አበሩባቸው። አንደኛው ወረቀት ሰማያዊ ሆኖ ቦግ ሲል ሌላኛው እንደጨለመ ቀረ። ቦግ ያለው ማንጫ ኬሚካል የተጨመረበት ነው፤ ኬሚካሉ የማይታየውን የአልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚመልስ ወረቀቱ ከመጠን በላይ የነጣ ይመስላል፣ ቀዝቃዛም ይሆናል፣ ኬሚካሉ ኃይሉን ሲያጣ ደግሞ ነጩ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ጋሼ የመረጡልኝ ማንጫ የሌለበትን፣ በተፈጥሮው የቅቤ መልክ ያለውን የጥጥ ወረቀት ነው። በፎቶ ውስጥ በጣም ብሩህ በሆነው ቦታ ላይ ቀለም ከሞላ ጎደል ስለማያርፍ የዚያ ቦታ ሙቀት የሚመጣው ከወረቀቱ ብቻ ነው፤ የአያቴ ነጠላም በሮዝ ፈንታ የቅቤ መልክ ያገኘው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዋናው ኅትመት በፊት ባለ 21 እርከን የግራጫ መሰላል አትመው፣ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ እንዲደርቅ ትተው በመሣሪያ ይለኩታል። «ላብ» (Lab) በሚባለው የቀለም አለካክ «ቢ» (b) የተባለው ቁጥር ከዜሮ በላይ ሲሆን ወደ ቢጫ፣ ከዜሮ በታች ሲሆን ወደ ሰማያዊ ማድላትን ያሳያል፤ ቁጥሩ ከጥላው እስከ ብርሃኑ ድረስ ሳይዘል እንዲሄድ ይፈልጋሉ። ገና ሳይደርቅ ስለ ቃናው እንድፈርድ አልፈቀዱልኝም። ጥያቄያቸው ግን «ልጄ፣ የምትሰቅይው ሳሎን አምፖሉ ነጭ ነው ቢጫ?» የሚል ነበር። ነጩ የኤልኢዲ አምፖል ብዙ ጊዜ 6500 ኬልቪን (ኬልቪን የብርሃን ቃና መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል) በመሆኑ ማንኛውንም ፎቶ ቀዝቀዝ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ ናሙናውን በሁለቱም ዓይነት አምፖል ሥር አይተን ወሰንን።

ሁሉ ነገር ምቹ ነው አልልም። ሥራቸው ይዘገያል፤ ፒግመንት ስለሚዘቅጥ ካርትሪጁን (የቀለሙን መያዣ) አውጥተው ያወዛውዛሉ፣ በበጋው ደረቅ አየር ቀለም የሚረጭበት የማሽኑ አፍ እንዳይደፈን ከጎኑ ውኃ የሞላ ጎድጓዳ ሳህን ያኖራሉ፣ መብራት ከሄደም ሥራውን ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ዋጋቸው ከተራ ፎቶ ቤት ይበልጣል፤ ለመታወቂያና ለሰርግ አልበም ሌላ ቦታ ብትሄዱ ይሻላል። ለሚሰቀልና ለልጅ ልጅ ለሚተላለፍ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ግን እኔ ከእሳቸው ሌላ አልጠቁምም። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እናቴም ምስጋናዋን እንዳደርስላት አደራ ብላኛለች።

ስልክ ብዙም ስለማያነሡ በአካል መሄዱ ይመረጣል፤ አድራሻውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ። በሞባይል የተነሣ ቅጂ ስለማይቀበሉ ዋናውን ፎቶ ወይም ፊልሙን ይዛችሁ ሂዱ።