አምባሰል ሲሉት ባቲ የሚሄደው ማሽን

ኮምቦልቻ የምማር የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ ማሽን ሙዚቃ መፍጠር ይችላል ወይስ አይችልም በሚል ነገር ላይ ስለሆነ፣ ጽሑፍ ስትሰጡት ዘፈን አድርገው ከሚያወጡት አገልግሎቶች አንዱን ለአንድ ወር ከፍዬ ተጠቀምኩበት። ስሙን አልጠራም። እነዚህ ነገሮች በየወሩ ስለሚቀያየሩ ዛሬ የሰደብኩት ነገ ሊሻሻል ይችላል። ከአምስት ኮከብ ሁለት ተኩል ሰጥቼዋለሁ።

ክፍያው በወር 10 ዶላር ነው። በብር ካርድ አልቀበልም ስላለኝ ውጭ ያለች የአክስቴ ልጅ ከፈለችልኝ፣ እስካሁንም "ለዘፈን ነው?" እያለች ትሰድበኛለች። አጠቃቀሙ ግን ቀላል ነው። ምን ዓይነት ዘፈን እንደምትፈልጉ ትጽፋላችሁ፣ ግጥም ካላችሁ ትለጥፋላችሁ፣ ትንሽ ቆይቶ ሁለት ዘፈን ይዞ ይመጣል። አዝማሪ ቤት "ተቀበል!" እንደማለት ነው። አዝማሪው ግን ግጥሙን ሲቀበል ዓይናችሁን እያየ ነው፣ ጫማችሁን ሳይቀር አይቶ አንድ ነገር ጣል ያደርግባችኋል። ይሄኛው ከጻፋችሁለት ውጭ የሚያየው የለም።

የወሎ ልጅ ነኝና መጀመሪያ ያዘዝኩት ከአራቱ ዋና ዋና የዜማ ቅኝቶቻችን (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ) አንዱ በሆነው በአምባሰል፣ በመሰንቆ ብዬ ነው። የመጣው ባቲ ነው። አልቀለድኩም። ድምፆቹን አንድ በአንድ ለቅሜ ቆጠርኳቸው፤ ከመነሻው ድምፅ በግማሽ ቶን ሲቆጠር 0፣ 3፣ 5፣ 7፣ 10 ሆነ። ይሄ ባቲ ማይነር ነው። አምባሰል 0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8 ነው። ከአምባሰል ባቲ የሄደ ሰው መንገዱን ያውቀዋል፣ እሱ ግን ደቂቃ አልፈጀበትም።

ምክንያቱ ሲገባኝ ሳቄ መጣ። ባቲ ማይነር ማለት ፈረንጆቹ በብሉዝም በሮክም ቀን ከሌት የሚጫወቱት ባለ አምስት ድምፅ ስኬል (እነሱ ቅኝት እንደሚሉት ማለት ነው) ራሱ ነው። ትዝታ ሜጀርም (0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9) እንደዚያው በዓለም ሞልቷል። ከእነዚህ ማሽኖች ብዙዎቹ ደግሞ ብዙ ሰዓት ቅጂ ተምረው ቀጥሎ ምን ድምፅ ይመጣል ብለው የሚገምቱ ናቸው፤ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በ2023 እ.ኤ.አ. የለቀቀው ሙዚክጄን የሚባል ማሽን ለምሳሌ 20 ሺህ ሰዓት ሙዚቃ ነው የተማረው። ስለዚህ ግምታቸው ብዙ ወደሰሙት ያደላል። ፌስቡክ ላይ "ማሽኑ ትዝታ ቻለ!" እያላችሁ የምትለጥፉት፣ እኛን አውቆ ሳይሆን የሰው ዘፈን ከኛ ጋር ገጥሞለት ነው።

የአምባሰልን ድምፆች ራሴ ዘርዝሬ ስሰጠው የባሰ ነገር መጣ። አንድ የታወቀ የጃፓን ስኬል አለ፣ ድምፆቹ ከአምባሰል ጋር አንድ ናቸው። ማሽኑ ያንን አግኝቶ ደስ ብሎት ሄደ። የዶርም ጓደኛዬ ከአልጋው ሳይነሳ "ምን ዓይነት የካራቴ ፊልም ነው?" አለኝ። አንቺሆዬንማ (0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9) ሦስቴ አዝዤ ሦስቴም ትዝታ አመጣልኝ። መንዙማ አላዘዝኩትም። እሱን እንኳ አላደርገውም።

ወደ ግጥሙ ልምጣ። ለሙከራ ይቺን ጻፍኩ (ሐረጎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ዳገት ነው)፦

ሐረጎን ጨርሼ ደሴ ላይ ስደርስ፣
ልቤ ኮምቦልቻ አለ ሳይመለስ።

"ጨርሼ"ን "ቸርሼ" አለው፣ እሱን ይቅር አልኩ። "አለ" ላይ ግን ጉድ ሆንኩ። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም፤ እኛ ከዐውዱ እናውቀዋለን። ማሽኑ አላልቶ አነበበው። የኔ ልብ ኮምቦልቻ ቀርቶ የነበረው፣ አሁን እንደ ሚኒባስ ረዳት "ኮምቦልቻ!" እያለ የሚጣራ ሆነ። በሚያምር ድምፅ ደግሞ፣ ከጀርባው ቫዮሊን እያለቀሰ! "አልለ" ብዬ ጻፍኩለት፣ "አሊለ" ብሎ አረፈ። ሰምና ወርቅ ያለው ግጥም ብትሰጡት ሰሙም አይተርፍም።

እልህ ያዘኝና የራሴን ሠራሁ። አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1957 እ.ኤ.አ. ሌጃረን ሂለርና ሊዮናርድ አይዛክሰን ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኢሊያክ በሚባል ኮምፒውተር ለአራት ተጫዋች የሚሆን ሙዚቃ ሲያወጡ፣ ኮምፒውተሩ ድምፅ በዘፈቀደ እየመረጠ ደንብ የጣሰውን ይጥል ነበር። ከየትኛው ድምፅ በኋላ የትኛው ይመጣል የሚለውን በዕድል የሚያሰላ፣ ማርኮቭ ቼን የሚባለውንም ተጠቅመዋል። እኔም አጎቴ ሲጫወቱ በስልክ ቀድቼ፣ ድምፆቹን ቆጥሬ፣ በፓይተን ስልሳ መስመር የማይሞላ ኮድ ጻፍኩ። ካርድ የለ፣ ዶላር የለ። አምባሰልን አንድ ጊዜ እንኳ አልሳተም። ግን ይዞራል፣ ይዞራል፣ የትም አይደርስም።

ሁለቱንም ይዤ ደሴ ወጣሁ፣ አጎቴ ዘንድ። መሰንቆ ለራሳቸው ነው የሚጫወቱት፣ ሰርግ ላይ ሲለመኑም እምቢ ይላሉ። የከፈልኩበትን፣ ልቤ "ኮምቦልቻ!" እያለ የሚጣራበትን ዘፈን ሲሰሙ "ድምፁ ጥሩ ነው፣ የማን አገር ሰው ነው?" አሉኝ። የኔን ሲሰሙ ዝም ብለው ቆዩና "አልተሳሳተም። ግን ምን ሊል ነው?" አሉ። ከዚያ መሰንቋቸውን አንስተው ያቺኑ አምባሰል ጀመሩ። የስልኬን ቱነር (ድምፅ ልክ መሆኑን የሚለካውን መተግበሪያ) ከፍቼ ጣታቸውን ሳይ ነበር። ጭራውን ከጎን ነካ አድርገው ከመነሻው ወደ ሁለተኛው ድምፅ ሲሻገሩ ቱነሩ ልክ ነው የሚልበት ቦታ ላይ አይቆሙም፤ ትንሽ ዝቅ ብለው ይጀምሩና እየጎተቱ ይወጣሉ፣ በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ሌላ ቦታ ነው የሚያርፉት። የኔ ኮድ ያን ሁሉ "1" ብሎ ነው የጻፈው። መመረቂያዬን እንደገና ልጀምር ነው፣ አማካሪዬ ገና አልሰሙም።

አገልግሎቱ ለምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ ለቪዲዮ ማጀቢያ ይጠቅማል። ድምፃዊ የሌለው፣ ከሰው ድምፅ ሥር ዝቅ ብሎ የሚሄድ ነገር ከፈለጋችሁ ጎበዝ ነው፣ ለአንድ ጓደኛዬ የምርቃት ቪዲዮ አውጥቼበት ሁሉም ወዶታል። ሁለቱ ኮከብ ለዚያ ነው። ግማሿ ለረዳቱ ናት። የአማርኛ ዘፈን ልሥራበት ለምትሉ ግን ገንዘባችሁን ያዙ። ማቋረጫው ደግሞ ተደብቋል፤ መለያችሁን ከፍታችሁ ክፍያ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ እስከ ታች ውረዱ፣ ወሩ ከማለቁ በፊት።

እኔ አቋርጬዋለሁ። አጎቴ ግን ያቺን ዘፈን አልረሷትም። ከዚያ ወዲህ በደወሉ ቁጥር ሰላምታው ሳያልቅ "ልብህ ሞላ ወይስ አንድ ሰው ቀረው?" ይሉኛል።