የዓርብ ማታው ጠረጴዛ፦ ፋራው ማን ነው?

ካዚኖው ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ስሙን የማልጠራው ባለቤቴ ይህን ስለምታነብ ነው። እንደምሄድ ታውቃለች። በወር ስንቴ እንደምሄድ ግን አልተወያየንበትም።

የምጽፈው ስለ ፖከር ክፍሉ ብቻ ነው፤ እሱም ስለ ትንሹ ጠረጴዛ። አንድ-ሦስት ይባላል። ካርታ ከመታደሉ በፊት ሁለት ሰዎች በተራቸው 1 እና 3 ዶላር በግዴታ ያስቀምጣሉ። ጨዋታው ቴክሳስ ሆልደም ነው፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ካርታ በድብቅ ይታደላል፣ አምስት ደግሞ መሃል ላይ ለሁሉም ይገለጣል። ድሮ ለዚህ ብለን አትላንቲክ ሲቲ ድረስ ሦስት ሰዓት እንነዳ ነበር። በ2012 የሜሪላንድ ሕዝብ የጠረጴዛ ጨዋታን በድምፁ ካጸደቀና በ2013 ከተጀመረ ወዲህ ግን ሥራ ስጨርስ ግማሽ ሰዓት ነድቼ እገባለሁ።

ወንበሩ ይመቻል። ሻይ በነፃ ነው፤ ለአስተናጋጇ 1 ዶላር ትሰጣላችሁ። ዓርብ ማታ ወረፋው አንድ ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ ከቤት ሳትወጡ ደውላችሁ ስማችሁን አስይዙ። ካርታ አዳዮቹ ትዕግሥተኞች ናቸው፤ አዲስ ሰው ሲሳሳት በትሕትና ያርሙታል። አንዷ አበሻ ናት። ስቀመጥ በዓይኗ ሰላም ትለኛለች፣ በአማርኛ ግን ቃል አይወጣትም። ካርታ እጅ ላይ እያለ ከእንግሊዝኛ ሌላ ማውራት ክልክል ነው።

ቅሬታዬ ቤቱ የሚቆርጠው ነው። ከትልልቁ ፖት፣ ማለትም መሃል ላይ ከሚከመረው ብር፣ 5 ዶላር፤ በዚያ ላይ ለጃክፖት ሽልማት 2 ዶላር። ያሸነፈ ሰው ደግሞ ለአዳዩ 1 ዶላር ይጥላል። በሰዓት ወደ 30 እጅ (ዙር) ይታደላል። አስሉት። እኩል የሚችሉ ዘጠኝ ሰዎች እዚያ ቢቀመጡ ሁሉም ተበልተው ይነሳሉ። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ፋራ ከሌለ መቀመጥ ትርፉ ድካም ነው።

ሰዓት መምረጥ ግማሽ ሥራ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ጡረተኞቹ ናቸው ያሉት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ካርታ ይጥላሉ (ከዙሩ ይወጣሉ ማለት ነው)፣ አንዴ ብር ካስገቡ ግን ሽሹ። ዓርብ ከማታው አራት ሰዓት በኋላ ሌላ ዓለም ነው። ከእራት የመጡ፣ ልደት የሚያከብሩ፣ ሁለት ቢራ የያዙ ሰዎች ይገባሉ።

ፋራውን ካርታ ሳይታደል ትለዩታላችሁ ይባላል። የ100 ዶላር ቺፕ ብቻ ይገዛል፤ ቺፕ በብር ፈንታ የምንጫወትበት ነው። ቺፑን እንደተደፋ ሽምብራ ፊቱ ላይ ይበትነዋል። ተራው ሳይደርስ ካርታ ይጥላል። አንድ የ25 ዶላር ቺፕ ዝም ብሎ ይወረውርና “ጨምሬያለሁ” ይላል፤ ቀድሞ ካልተናገረ ግን የሚቆጠርለት 3 ዶላር ብቻ ነው። ልክ ነው፣ እነዚህ ምልክቶች ናቸው። ግን ሰውየው ለካዚኖ አዲስ መሆኑን ነው የሚነግሯችሁ። ስልኩ ላይ አምስት ዓመት ሲጫወት የኖረ ልጅም ቺፕ መግፋት አያውቅም። አንዱን እንዲህ ንቄ 140 ዶላር በልቶኛል።

እኔ አሁን የማየው ብሩን ነው። ፋራ ከአሥር እጅ ሰባቱን በ3 ዶላር ይገባል። አይጨምርም፣ አይጥልም። መሃል ላይ 90 ዶላር ተከምሮ 10 ዶላር ያስይዛል። አራት ልብ ይዞ አምስተኛውን ሲጠብቅና (አምስት ከሞላ ትልቅ እጅ ነው) አንድ ካርታ ብቻ ሲቀር ዕድሉ ከአምስት አንድ ገደማ ነው፤ “ዛሬ ይሰማኛል” ብሎ 80 ዶላር ይከፍላል። ሁለት ጃክ ሲደርሰው ይደነግጥና ገና ከመጀመሪያው 40 ዶላር ይወረውራል። ሁለት ኤስ ሲደርሰው ሰው እንዳይሸሽበት 10 ዶላር። ሁለት ሰዓት ካያችሁት ካርታው ላይ ዋጋ የተለጠፈ ይመስላል።

ሌላ የምወደው አለ። መሃል ላይ ሦስት ልብ ሲወርድ ካርታውን ደግሞ ገልጦ የሚያይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ልብ አልያዘም። ሁለት ልብ የያዘ አይረሳም። ይሄኛው አንዷ ልብ ነበረች ወይስ አልነበረችም ብሎ ነው። ደግሞ የጣለውን ካርታ ለጎረቤቱ የሚያሳይ አለ፤ “እየው፣ ምን ጥዬ እንደሆነ!” እያለ። አራዳ አያሳይም።

የእጅ መንቀጥቀጥ ነገር ግን ጉድ ሠርቶኛል። የሚንቀጠቀጥ ሰው ባዶውን ነው፣ ፈርቷል ብዬ አምን ነበር። አንድ የኮሌጅ ልጅ ቺፑን ሲገፋ ጣቶቹ ራዱ። “ብሉፍ ነው” ብዬ 180 ዶላር ከፈልኩ። አራቱንም ስምንት ገለጠ። ለካ ጀማሪ የሚንቀጠቀጠው ትልቅ ካርታ ሲደርሰው ነው። ደስታው ነው የሚያንቀጠቅጠው።

ይህን ትምህርት ይዤ ባለፈው ዓርብ ስቀመጥ አንድ አባት ፊት ለፊቴ ናቸው። ባርኔጣ፣ ሹራብ፣ አንገታቸው ላይ በክር የተንጠለጠለ መነጽር። “ጋሼ፣ እንደምን አመሹ?” አልኳቸው። “እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ።” አዳዩ ወዲያው “እንግሊሽ ኦንሊ” አለን። 100 ዶላር ነው የገዙት። ቺፓቸው ተበትኗል። አንዴ ተራቸው ሳይደርስ ጣሉ። ፋራ ናቸው አልኩ በልቤ።

ብር ሲያስገቡ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ጣልኩ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ተንቀጠቀጠ። ደግሞ ጣልኩ። ሁለት ኪንግ ይዤ እንኳ መሃል ላይ ኤስ ወረደና እጃቸውን አይቼ ጣልኩ። በራሴ ኮርቼ ለጎረቤቴ ሁለቱን ኪንግ ገለጥኩለት። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ እያልን አንድ ሰዓት ተኩል ሄደ። 100 ዶላራቸው 400 ሆነ። ከዚያ ሻይ አዘዙ። ብርጭቆውን ሲያነሱ ሻዩ ማስቀመጫው ላይ ፈሰሰ።

መኪና ማቆሚያው ጋ ደረስኩባቸው።

“ጋሼ፣ እጅዎ ድሮም እንዲህ ነው?”

“ስድስት ዓመቱ ነው። ሐኪሙ ቡና ተው ብሎኛል።”

“እኔ እኮ ትልቅ ካርታ ይዘዋል ብዬ ነው ስጥል ያመሸሁት።”

“አውቃለሁ፣ ልጄ። ኪንጎቹን ለዚያ ልጅ ስታሳይ አየሁህ። ከዚያ ወዲያ ካርታዬን ማየትም ትቼ ነበር።”