የእግር ደም ስር ሲጠብ ስቴንት ይሻላል ወይስ በእግር መሄድ?

ስትራመዱ ባታችሁን ጭምድድ አድርጎ ይዞ ቆም ስትሉ የሚለቃችሁ ከሆነና ሐኪም የእግር ደም ስር ጠቧል ካላችሁ፣ ስቴንት (የጠበበውን ደም ስር ከፍቶ እንዲይዝ ውስጡ የሚገባ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ቶሎ ያሳርፋል፣ ግን ተመልሶ ሊጠብ ይችላል። በእግር መሄዱ ቀስ ይላል፣ በሳምንት 3 ቀን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ ህመሙ ጠንከር እስኪል መራመድ ከዛ ቆሞ ማሳለፍ ከዛ እንደገና መቀጠል፣ እንዲህ እያሉ 12 ሳምንት የቆዩ ብዙዎቹ ሳያማቸው የሚሄዱት ርቀት በደንብ ይጨምራል፣ የጠበበው ባይከፈትም ጡንቻው ያገኘውን ኦክስጅን አብቃቅቶ መጠቀም ይለምዳል። እኔ መጀመሪያ ይሄኛው ይሞከር ነው የምለው። ሲጋራ ማቆምና ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት መውሰድ ለሁለቱም የግድ ናቸው። ግን ተኝታችሁም እግራችሁን ካመማችሁ ወይ ጣታችሁ ላይ አልድን ያለ ቁስል ካለ በጭራሽ አትጠብቁ፣ ያኔ ደም ስሩ በስቴንት ወይ በኦፕሬሽን መከፈት ስላለበት ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ።