ከባድ መኪና ላላችሁ፦ ቃሊቲ ያለውን የመሪ ባለሙያ ልጠቁማችሁ

እጁ ይባረክ ብዬ ልጀምር። ስምንት ወር እንቅልፍ ያሳጣን ነገር በአምስት ቀን አለቀ።

መኪናችን የአባቴ ፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና ናት። አባቴ የአሰብ ሾፌር ነበር፤ ባቲን፣ ሚሌን፣ ኤሊዳርን እንደ ጎረቤት ስም ነው የሚጠራቸው። እኛን አራታችንንም ያሳደገችን እሷ ናት። በ1990 የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ግቢ ገብታ ቆመች። በቅርቡ ወንድሜ ሌላ ሞተር አስገጥሞ፣ የፊት ጎማዎቿን በሰፋፊ ቀይሮ የውሃ ቦቴ አደረጋት። ከዚያ ወዲህ መሪዋ አልዞር አለ። ማታ ማታ ትከሻውን በቅባት ሳላሸው አይተኛም ነበር። "ሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት የሚታገዝ) መሪ ይገጠምላት" ተባለና መከራችን ጀመረ።

የመጀመሪያው ጋራዥ (ስሙን አልጠራም፣ እነሱም ልጅ ያሳድጋሉ) ፖምፓ ገጠምኩ አለ። በሁለተኛው ቀን ግቢያችን በዘይት ጠቆረ፤ ፖምፓው እንደ ጅብ ያላዝናል። ስንደውል ነገ፣ ነገ፤ ከዚያ ስልኩ ዝግ።

ሁለተኛው ባሰ። ከሎደር (ከአፈር መዛቂያ ማሽን) የወጣ የመሪ ዕቃ ገጠመልን። መሪው ላባ ሆነ፤ ደስ ብሎን ያለንን ሁሉ ከፈልን። ለካ ዞሮ ሲለቁት አይመለስም! ወንድሜ አንድ ኩርባ ላይ ቦይ ሊገባ ለጥቂት ተረፈ። ስንመለስ "ሾፌሩ ስላልለመደው ነው" አሉን። የሃያ ዓመት ሾፌር!

ቃሊቲ ያለው ልጅ ግን መፍቻ እንኳ አላነሳም። ፊቷን በክሪክ አስነሳ፣ ሞተሯን አስጠፋና ወንድሜን "በል አሁን አዙረው" አለው። መሪው ይሽከረከራል፣ ጎማው ንቅንቅ አይልም። ወደ እኔ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እህቴ፣ በመሪውና በጎማው መሃል ዘይት ብቻ ነው ያለው፣ ብረት የለም። ቁልቁለት ላይ ሞተር ቢጠፋ ወንድምሽ ምን ሊይዝ ነው?" አለኝ። ጉልበቴ ከዳኝ። ይቺ መኪና እኮ በሳምንት ሦስቴ ከጎሃ ጽዮን ዓባይ በረሃ ትወርዳለች፤ እስከ ድልድዩ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለት!

ከዚያ ያለውን አልረሳም፦ "ሥራውን ለእኔ አትስጡኝ፣ ግድ የለም። ሌላ ጋም ብትወስዷት ግን በሎቤድ ጭናችሁ ውሰዷት፤ እየነዳችሁ ከዚህ ግቢ አትወጡም።" ገንዘብ ሳያነሳ ነው ይህን ያለው።

ሶማሌ ተራ አብሮኝ ሄዶ ከተጋጨ መኪና የወጣ የመሪ ሳጥን መረጠ፣ ቶርኖ ቤት የሚቀረጸውን አስቀረጸ፣ ገጠመ። ዝርዝሩን አትጠይቁኝ፣ አልገባኝም። የገባኝ በአምስተኛው ቀን ግቢው ውስጥ መኪናዋ እየተንከባለለች ሆን ብሎ ሞተሯን ሲያጠፋ ያየሁት ነው። መሪው ከበደ፣ ግን ዞረ። ወንድሜ እዚያው ተሳለመ።

ከዕቃው የተረፈ 1,300 ብር ከነደረሰኙ መልሶልኝ "አባትሽ አይተዋታል?" አለኝ። አባቴን አመጣነው። መሰላል ፈልጎ፣ "አባባ ቀስ ይበሉ" እያለ፣ ደግፎ ጋቢና አስገባው። አባቴ መሪውን በአንድ እጁ ከጥግ እስከ ጥግ አዞረው፣ መለሰው፣ ደግሞ አዞረው። "ጣርማ በር ላይ ይሄ ቢኖረኝ" አለና ዝም አለ። ውጭ ሦስት መኪና ወረፋ ይጠብቃል፤ ልጁ ግን "ይውረዱ" አላለም። ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጠ። እኔ ጎማው ሥር ቆሜ አለቀስኩ።

ወገኖቼ፣ መሪ የሚያስቸግራችሁ ሁሉ እሱ ጋ ሂዱ። እባካችሁ ሂዱ! ስሙንና ስልኩን እዚህ እንዳላወጣ ስለለመነኝ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ወረፋ ስላለበት አስቀድማችሁ ደውሉ። የተገጠመላችሁ ከሎደር የወጣ ከሆነ ደግሞ ነድታችሁ አትሂዱ።