ሪሞቱን ወድጄዋለሁ፣ ቀዩን ቁልፍ ግን ይቅር አልለውም

ከዚህ የኮምፒውተር ሪሞት ጋር ወራት ከርመናል። ትንሽ የዩኤስቢ መቀበያ ያለው፣ ባትሪው ከጀርባ የሚገባ፣ ባሕር ዳር ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ በገባችሁ ቁጥር የምታዩት ዓይነት ነው። ሥራዬ ማስጎብኘት ነው። እንግዶቼ ወደ ዘጌ በጀልባ ከመሄዳቸው በፊት በሆቴሉ አዳራሽ የገዳማቱን ሥዕሎች በፕሮጀክተር እያሳየሁ አስረዳቸዋለሁ። ሪሞቱንም የገዛሁት ለዚሁ ነው። ስላይድ ያሳልፋል፣ ከአዳራሹ ጫፍም ይሠራል፣ ባትሪም ቶሎ አይጨርስም። እዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ቀዩ ቁልፍ ነው።

ቀዩ ቁልፍ ማጥፊያው ነው። ያስቀመጡት ደግሞ ልክ ከ"ቀጣይ" ቁልፍ በላይ፣ አውራ ጣት ራሷ ሄዳ የምታርፍበት ቦታ ላይ። ሁለቱም ጎማ ናቸው፣ መጠናቸውም አንድ ነው። መብራት በጠፋበት አዳራሽ ውስጥ ቀለም አይታይም፤ በዳሰሳ ደግሞ አይለዩም።

ከአዲስ አበባ ለመጡ መምህራን የበላዔ ሰብእን ታሪክ እየነገርኩ ነበር። በዘጌ ገዳማት ግድግዳ ላይ ካሉት ሥዕሎች ሰው ሁሉ ቆሞ የሚያየው ይሄንን ነው። ያን ሁሉ ሰው የበላ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድሃ ጥርኝ ውሃ ሰጠ። ነፍሱ ለፍርድ ቀረበች፣ ሚዛኑ ተዘረጋ። አዳራሹ ጸጥ ብሏል። ጥርኟ ውሃ ሚዛን ስትደፋ የሚያሳየውን ስላይድ ላመጣ ተጫንኩ። ግድግዳው ድርግም አለ። ከኋላ አንዲት እናት "ውይ፣ መብራት ሄደ!" አሉ። መብራት አልሄደም። ላፕቶፑን ስሊፕ ውስጥ ያስገባው ቀዩ ቁልፍ ነበር። እስኪነሳ፣ ፓስወርድ እስኪገባ፣ ፕሮጀክተሩ ምልክቱን እስኪያገኝ ድረስ የታሪኩ ለዛ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ያንን ጸጥታ መመለስ አይቻልም።

ሻጩ "ወንድሜ፣ ሁሉም ቁልፍ ይሠራል" ብሎኝ ነበር። አዎ፣ ይሠራል። ግን ስላይድ ለማሳለፍ ተብሎ በሚሸጥ ዕቃ ላይ ኮምፒውተር የሚያስተኛ ቁልፍ ምን ይሠራል? ይኑር ከተባለስ ጥግ ላይ አይቀመጥም? "ስትለምደው ጣትህ ያውቀዋል" ይለኝ ይሆናል። ገንዘቤን ከፍዬ ጣቴን የማሠለጥንበት ምክንያት አይታየኝም። ዕቃው ነው ለእኔ መመቸት ያለበት።

አንድ ባልደረባዬ "ምን ያደርግልሃል፣ ጥለኸው ሌላ ግዛ" አለኝ። አልጣልኩትም። ባለመጣሌም ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ ይህን ሪሞት የሚያየው እንደ ኪቦርድ ነው። ኪቦርድ ከሆነ ደግሞ ቁልፎቹን እንደፈለጉ መቀየር ይቻላል።

ለዚህ የምጠቀመው አውቶሆትኪ የሚባለውን ሶፍትዌር ነው። በነጻ ይወርዳል፣ በዊንዶውስ ላይ ብቻ ይሠራል፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አለ። ስክሪፕቱ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ የሚያነበው የትእዛዝ ዝርዝር፣ በኖትፓድ የሚጻፍ ተራ ጽሑፍ ነው። በግራ በኩል የድሮውን ቁልፍ ትጽፋላችሁ፣ መሃል ላይ :: ታደርጋላችሁ፣ በቀኝ አዲሱን። ያ ምልክት በእንግሊዝኛ ኪቦርድ መጻፍ አለበት፤ የአማርኛውን አራት ነጥብ ካስገባችሁ ስክሪፕቱ ስህተት ብሎ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የወጣው ሁለተኛው ስሪት አጻጻፉን ስለቀየረ፣ ከኢንተርኔት የምትገለብጡት ስክሪፕት ለየትኛው ስሪት እንደተጻፈ እዩ።

የሪሞቱ ቁልፎች ስማቸው ማን እንደሆነ ራሱ ሶፍትዌሩ ይነግራችኋል። ኪቦርዱን የሚያዳምጥ አንድ መስመር ስክሪፕቱ ላይ ጨምራችሁ ታስነሱታላችሁ፣ ከታች ሰዓቱ አጠገብ ያለችውን የኤች ምልክት ትከፍታላችሁ፣ ከዚያ "ኪ ሂስትሪ" የሚለውን። ቁልፉን ስትጫኑ ስሙና ኮዱ ይመዘገባል።

የፖስታ ሥዕል ያለበት ቁልፍ ኢሜይል ይከፍት ነበር። አሁን የቢን ፊደል ይልካል። በፓወርፖይንት ማሳያ ላይ ቢ ስክሪኑን ያጠቁረዋል፣ ሲደገም ይመልሰዋል። እንግዳ ጥያቄ ሲጠይቅ አጠቁረዋለሁ፤ ሰው ሁሉ ከግድግዳው ላይ ዓይኑን ነቅሎ ወደ እኔ ይዞራል። ይሄ አንድ ቁልፍ አቀራረቤን ለውጦታል። የቤት ሥዕል ያለበት ደግሞ ብራውዘር መክፈቱን ትቶ ቁጥር ሁለትንና ኢንተርን አከታትሎ ይልካል። ሁለተኛው ስላይዴ የጣና ካርታ ነው። "ደቅ የት ነው? ክብራን ገብርኤልስ?" ሲባል ከየትም ስላይድ ላይ ካርታው ወዲያው ይመጣል። ሁለቱም ትእዛዞች የሚሠሩት ማሳያው ስክሪኑ ላይ ሲሆን ብቻ ነው፤ ቤት ስገባ ቁልፎቹ ወደ ቀድሞ ሥራቸው ይመለሳሉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አውቶሆትኪ ብቻውን ሪሞቱንና የላፕቶፑን ኪቦርድ አይለይም። የሪሞቱን ኢንተር ከቀየራችሁ የላፕቶፑም ኢንተር አብሮ ይቀየራል። ስለዚህ የምትነኩት ኪቦርዳችሁ ላይ የሌሉትን ቁልፎች ይሁን።

ቀዩ ቁልፍስ? ኪ ሂስትሪ ላይ ብቅ አይልም። ደጋግሜ ብጫነው ላፕቶፑ ይተኛል እንጂ ምንም አይመዘገብም። ምክንያቱ በኪቦርድ መንገድ ስለማይመጣ ነው፤ ለዊንዶውስ የሚደርሰው ለብቻው እንደ ሲስተም ትእዛዝ ነው። ስክሪፕት አይይዘውም።

መፍትሔው ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ነው፤ ዊንዶውስ የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚዘረዝርበት መስኮት ማለት ነው። የሂዩማን ኢንተርፌስ ዲቫይሶች ዝርዝር ውስጥ "ሲስተም ኮንትሮለር" የሚል መስመር አለ። ከአንድ በላይ ካያችሁ መቀበያውን ንቀሉት፤ የጠፋችው የሪሞቱ ናት። መልሳችሁ ሰክታችሁ እሷን ብቻ ዲስኤብል አድርጉ። ቀዩ ቁልፍ ሞተ፣ የላፕቶፑ ማብሪያ ግን እንደነበረ ይሠራል። በፓወር ሴቲንግ በኩል "ምንም አታድርግ" ማለትም ይቻላል፤ እሱ ግን የላፕቶፑንም ቁልፍ አብሮ ያደነዝዘዋል። መቀበያውን ሁልጊዜ እዚያው ፖርት ላይ ሰኩት። እኔ ወደ ሌላ ፖርት ስቀይረው ዊንዶውስ እንደ አዲስ ዕቃ ቆጠረውና ቀዩ ቁልፍ ነፍስ ዘራ።

ታዲያ ግዙ እላለሁ? ላፕቶፓችሁን ለመነካካት የማትፈሩ ከሆነ ግዙ፤ በዚህ ዋጋ ለሥራዬ እንዲህ የተመቸ ዕቃ አላገኘሁም። ሰክቼ ልጠቀም ብቻ የምትሉ ግን ይቅርባችሁ። ወደ ሱቅ ስትሄዱ ላፕቶፓችሁን ከነሶፍትዌሩ ያዙ። መቀበያውን ሰክታችሁ፣ ኪ ሂስትሪን ከፍታችሁ፣ እያንዳንዱን ቁልፍ ሳትጫኑ ገንዘብ አትቁጠሩ። ሻጩ "ሁሉም ይሠራል" ካላችሁ፣ ምን እንደሚሠራ አንድ በአንድ ያሳያችሁ።